«ሰዓትሽን አጥፊልኝ»

የልጄ ልብ መታመሙን ካወቅን ሁለት ዓመት ሊሞላን ነው። ያኔ አሥራ አምስት ዓመቷ ነበር። በዚህ ሁሉ ጊዜ ሆዴን ከፍቼ ያወራሁት ከዶክተሮቹ ይልቅ ከአንዲት አንጋፋ ነርስ ጋር ነው። ባለፈው ሐሙስ የልጄ ተራ እስኪደርስ ከሆስፒታሉ የክትትል ክፍል ጀርባ ባለችው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠን ያወጋነውን፣ ፈቃዳቸውን ጠይቄ ጻፍኩት። «ስሜ ይቅር» ስላሉኝ «ሲስተር» እላቸዋለሁ፤ ግቢው ውስጥም ሁሉም የሚጠራቸው እንዲሁ ነው።

ሲስተር፦ መምህር፣ ዛሬ ፊትዎ ፈካ ብሏል።

እኔ፦ እግዚአብሔር ይመስገን። ከደብረ ብርሃን ስንመጣ መንገዱን ሙሉ በስልክ ስታወራ ነበር። እናቷ «ኧረ ትንፋሽሽን ቆጥቢ» ብትላት «ለማን ልቆጥበው?» ብላ ሳቀች። ያቺ ከግድግዳ ጋር ተፋጥጣ የነበረች ልጅ!

ሲስተር፦ እሱን ግድግዳ እኔም አልረሳውም። የሴቶች ክፍል፣ ጥጉ ላይ ያለው አልጋ። ሦስት ትራስ ተደግፋ ጀርባዋን ለእኛ ሰጥታ። «ምሳ» ስንላት «አልራበኝም»፤ «መርፌ» ስንላት «ምን ሊያደርግልኝ?»

እኔ፦ ጥፋቱ የእኔ ነው እያልኩ ነበር ያን ጊዜ የማድረው። ይህ በሽታ ቤት ሲገባ ስሙ ቶንሲል ነው። ቶንሲል ያላመመው ልጅ የት አለ? ውሃ በጨው ተጉመጠመጠች፣ ዝንጅብል በማር ጠጣች፣ ተሻላት። ሁለት ሦስት ሳምንት ቆይቶ ጉልበቷ አበጠ። ጉልበቷ ሲሻላት ቁርጭምጭሚቷ፣ እሱ ሲተዋት ክርኗ። ቁርጥማት ነው፣ የደብረ ብርሃን ብርድ ነው አልን። ልብ ብሎ ነገር በሐሳባችንም አልመጣ። በኋላ ዳገት ሲያቅታት፣ ሌሊት ጋደም ስትል ስትታፈን ነው የነቃነው።

ሲስተር፦ ብዙው ቤት እንዲሁ ነው። ጉሮሮ ውስጥ የገባውን ስትሬፕቶኮከስ የሚባል ባክቴሪያ ሊዋጋ የተነሣው የሰውነት መከላከያ ጠላቱን ከወዳጁ መለየት ያቅተውና የልብን በሮች ያጠቃል። በብዛት የሚይዘው ከ5 እስከ 15 ዓመት ያሉትን ነው። ጉሮሮው በጊዜው በፔኒሲሊን ቢታከም ኖሮ የሚለው ጸጸት ስንቱን ወላጅ ሲበላ አይቻለሁ። ልጆቹን የሚበላቸው ግን ሌላ ነው።

እኔ፦ ምንድን ነው?

ሲስተር፦ ሸክም ሆንኩባቸው የሚለው። ያ ዕድሜ ለመታመም ክፉ ነው፣ መምህር። ሕፃን ቢሆን ቦታው የእናቱ እቅፍ ነው፣ አያፍርበትም። የአሥራ አምስት ዓመቷ ልጅ ግን ከእቅፍ ልትወጣ እየታገለች ሳለ ነው በሽታው መልሶ የሚያስገባት። ላሲክስ ስለምትወስድ ሌሊቱን በሙሉ ሽንት ነው፤ እናቷ ደግፋ ታመላልሳታለች። ወጧ ለብቻ ጨው ሳይገባበት ይሠራል። ሰው ሁሉ ይሰጣታል፤ እሷ የምትሰጠው የላትም። ከአልጋዋ ዙሪያ የምትሰማው ቃል ደግሞ አንድ ነው፤ «አይዞሽ»። ቀኑን ሙሉ «አይዞሽ» የሚባል ሰው መጨረሻው እንደቀረበ ነው የሚገባው።

እኔ፦ ጓደኛ አጥታም አይደለም እኮ። ገና ደብረ ብርሃን ተኝታ ሳለች የክፍሏ ልጆች ተሰብስበው መጡ። ብርቱካን፣ ሙዝ፣ ለስላሳ ይዘው። አልጋዋን ከበው ቆሙና አንዷ ማልቀስ ስትጀምር ሁሉም አለቀሱ። ልጄ ነች ያባበለቻቸው! ሲወጡ «አባዬ፣ ሁለተኛ እንዳይመጡ ንገራቸው» አለችኝ። ጠያቂ እንዲህ ይባላል ወይ ብዬ ተቆጣኋት።

ሲስተር፦ ባይቆጧት ጥሩ ነበር። እነዚያ ልጆች የመጡት ገመድ ዘልላ የምታስንቃቸውን ልጅ ሊጠይቁ ነው። አልጋው ላይ ሲያጧት አለቀሱ። እሷም ዓይናቸው ውስጥ ያየችው የጎደላትን ነው። የድሮ ጓደኛ ክፋት የለበትም፤ ግን ሲገባ ትናንትን ይዞ ነው። አዲስ ጓደኛ ያወቃት ታማ ነው፤ ለእሱ ሙሉዋ ልጅ ያቺው ነች፣ የሚያለቅስላት ሌላ ልጅ የለችም። ከአጋሮ የመጣችው ታማሚ ልጅ ስትገባ የሆነው ይህ ነው።

እኔ፦ የመጀመሪያዋን ሌሊት ከልጄ ሰምቻለሁ፤ እርስዎ ግን አልነገሩኝም።

ሲስተር፦ ተረኛ እኔ ነበርኩ። የአጋሮዋ ልጅ ነስር አልቆም ብሏት ማታ ነው የገባችው፤ ደም እንዳይረጋ የምትወስደው ዋርፋሪን በዝቶባት ነበር። ከልጅዎ ጎን ያለው አልጋ ብቻ ክፍት ስለነበር እዚያ አስተኛናት፤ አስበንበት እንኳ አይደለም። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ገደማ፣ ሦስት ቀን ሙሉ «እሺ»ና «አይ» ብቻ ስትል የከረመችው ልጅዎ አፏን ከፈተች። «እባክሽ ሰዓትሽን አጥፊልኝ፣ እንቅልፍ ከለከለኝ።» «የምን ሰዓት?» «ቀጭ ቀጭ የሚለው።» ትንሽ ጸጥ ተባለ። ከዚያ ያቺ ልጅ አፍንጫዋ በጥጥ እንደተወተፈ በሳቅ ፈነዳች። «እሱን ካጠፋሁትማ እኔም አብሬ ጠፋሁ!»

እኔ፦ ልቧ ነዋ!

ሲስተር፦ ሰው ሠራሽ ቫልቭ ነው። በተዘጋ ቁጥር ድምፅ አለው። ቀን በጫጫታው ይዋጣል፤ ሌሊት ክፍሉ ጸጥ ሲል ግን ከጎኗ ለተኛ ሰው ይሰማል። ባትሪዬን ሳላበራ በሩ ላይ ቆምኩ። «እጅሽን አምጪ» ስትላት ሰማሁ። ያቺ ማንም እንዲነካት የማትፈልግ ልጅ እጇን ዘርግታ ደረቷ ላይ አሳረፈች። «ጠባሳው ያምሻል?» «ድሮ ሳስነጥስ ያመኝ ነበር። አሁን ደህና ነኝ። ድምፁ መጀመሪያ እንቅልፍ ነሥቶኝ ነበር፤ አሁን ካልሰማሁት እንቅልፍ አይወስደኝም።» ሃያ ምናምን ዓመት ነርስ ሆኜ ለታማሚ ስለ ቫልቭ ብዙ ጊዜ አስረድቻለሁ። እንደዚያ አድርጌ ያስረዳሁት ሰው ግን የለም።

እኔ፦ በማግስቱ ስገባ ፊቷ ወደ ጎን አልጋው ዞሯል። ሰላምም ሳትለኝ «አባዬ፣ የእኔ ልብ በሩ እንደሚያፈስ ታውቅ ነበር?» አለችኝ። ሲስተር፣ እኔ የነገርኳት «ትንሽ የደም ማነስ ነው» ብዬ ነበር። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። የአጋሮዋ ልጅ በመድኃኒት ካርቶን ጀርባ ላይ በእስክርቢቶ በር ሥላ፣ በሩ ሳይገጥም ሲቀር ደሙ ወደ ኋላ እንደሚመለስ፣ ስትተኛ የምትታፈነውም ለዚህ እንደሆነ አስረድታታለች። እኔ ሁለት ወር ያልደፈርኩትን የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ በአንድ ሌሊት ነገረቻት። ልጄ ደግሞ የፈራችው ከመስማቷ በፊት እንጂ ከሰማች በኋላ አይደለም።

ሲስተር፦ ስንደብቃቸው የማያውቁ ይመስለናል። ዶክተሮቹ ሲያወሩ ይሰማሉ፣ የእናታቸውን ዓይን ያነባሉ። የተደበቀውን ነገር ራሳቸው ሲጨርሱት ደግሞ ሁልጊዜ ከእውነቱ የከፋ ነው። ልጅዎ ያን ሌሊት ምን እንዳለቻት ያውቃሉ? «እኔ እኮ ልቤ ሊቆም የቀናት ጉዳይ ነው ብዬ ነበር።»

እኔ፦ ይህን አልነገረችኝም።

ሲስተር፦ ለወላጅ አይነገርማ። እናንተን ከሐዘን ትጠብቃለች፤ እናንተ እሷን ስትጠብቁ እሷም እናንተን። አንድ ክፍል ውስጥ ሁለታችሁም እየተዋሻሻችሁ። ለጓደኛ ግን መጠበቅ የለባትም። ማግባት እችላለሁ ወይ፣ መውለድ እችላለሁ ወይ ብላ የጠየቀችው እሷን ነው። ያችኛዋም ሳትሸፋፍን መለሰችላት፤ ዋርፋሪን ለፅንስ እንደማይሆን፣ ሳያማክሩ ማርገዝ አደጋ እንዳለው፣ ለልጅዎ ደግሞ ሐኪም ከቻለ የራሷን በር እንደሚጠግን እንጂ የግድ እንደማይቀይረው።

እኔ፦ ይህን ሁሉ የት ተማረችው ብዬ ተገርሜ ነበር። አጋሮ ቡና ለቃሚ ቤት ያደገች ልጅ ነች።

ሲስተር፦ በገላዋ ነዋ። እሷ የታከመችው እስራኤል፣ ሆሎን ከተማ፣ ዎልፍሰን ሆስፒታል ነው፤ «ሴቭ ኤ ቻይልድስ ሃርት» የተባለ ድርጅት ወስዷት። እ.ኤ.አ. በ1995 የተጀመረ ድርጅት ነው፤ ከመጀመሪያዎቹ ታካሚዎቹ መካከል የእኛ ልጆች ነበሩ። በእኛም አገር በዶክተር በላይ አበጋዝ መሥራችነት እ.ኤ.አ. በ1989 የተቋቋመው የልብ ሕሙማን ሕፃናት መርጃ አለ፤ ጥቁር አንበሳ ግቢ ውስጥ ማዕከሉ እ.ኤ.አ. በ2009 እስኪከፈት ድረስ ለቀዶ ሕክምና ልጆችን ወደ ውጭ መላክ ነበር። ዛሬም ተራ የሚጠብቀው ሕፃን በሺዎች ነው። ልጅዎ ከነሱ አንዷ ናት። ወደ ልጅቷ ልመለስና፣ እዚያ ልጆቹ ከቀዶ ሕክምናው በፊትም በኋላም ወራት አብረው የሚኖሩበት ቤት አለ። ከጎኗ የተኛችው ከዛንዚባር የመጣች ልጅ ናት። አንዷ የሌላዋን ቋንቋ አታውቅም። ሳንባቸው እንዲከፈት የሚስቧት ሦስት ትንንሽ ኳሶች ያሏት የፕላስቲክ ዕቃ አለች፤ ደረት ከተከፈተ በኋላ እሱን መሳብ እሳት ነው። ሁለቱ ማን ሦስቱን ኳሶች ያነሣል እያሉ ይወዳደሩ ነበር። የአጋሮዋ ልጅ ለልጅዎ ያደረገችውን፣ ለእሷ ያደረገችላት ያቺ ስሟን በቅጡ መጥራት የማትችለው ልጅ ናት።

እኔ፦ እንግዲህ እኔ ያየሁትን ልንገርዎት። ልጄን ወደ ራሷ የመለሳት እውነቱን መስማቷ ብቻ አይመስለኝም። በሦስተኛው ቀን ያቺ ልጅ «ሒሳብ ትችያለሽ?» አለቻት። በሕመሙ ሁለት ዓመት ትምህርት አምልጧት ያኔ ገና ስምንተኛ ክፍል ነበረች፤ ሚኒስትሪ ልትፈተን ነበር። ልጄ ደግሞ ሒሳብ ላይ ቀልድ አታውቅም። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ፣ እግሯ አብጦ፣ ቆም እያለች ትንፋሽ እየወሰደች ስታስተምር አየኋት። ስትሳሳትባት ትቆጣለች! ያን ቁጣ ስሰማ ኮሪደር ወጥቼ አለቀስኩ። ከተኛች ጀምሮ ማንም ምንም ነገር ጠይቋት አያውቅም ነበር፣ ሲስተር። እኔም እናቷም «ምን ላምጣልሽ?» ነበር የምንላት። «እርጂኝ» ያላት የመጀመሪያዋ ሰው ያቺ ልጅ ናት።

ሲስተር፦ ማታ ላይ ተመልሳ እኔን ምን ብላ ጠየቀችኝ መሰለዎት? «ሲስተር፣ ነገ ትወጣለች እንዴ? ክፍልፋይ አልጨረስንም።» «ነገ» ስትል ያን ጊዜ ነው የሰማኋት።

እኔ፦ እናቷ ጠበል ስትረጫት ያችኛዋ «ለእኔም እማማ» አለች። ሙስሊም መሆኗን ባለቤቴ ታውቃለች፤ ሁለቱንም ረጨቻቸው። ከወጡ በኋላም ቢሆን ልጄ ናት የምትቆጣጠራት። የአጋሮዋ ልጅ ደሟ እንዳይረጋ ዋርፋሪን በየቀኑ ትውጣለች አይደል? የደሟ ልክ፣ አይኤንአር የምትሉት...

ሲስተር፦ ለእሷ ከ2.5 እስከ 3.5 መካከል መሆን አለበት። ሲወርድ ቫልቩ ላይ ደም ይረጋል፣ ሲወጣ ይደማል።

እኔ፦ ልጄ ይህን በቃሏ ይዛዋለች። ጎመን በብዛት ሲበላ ልኩን እንደሚያወርደውም ታውቃለች። በስልክ «ዛሬ ምን በላሽ? ጎመን? ስንት ጭልፋ?» እያለች ትመረምራታለች።

ሲስተር፦ ጎመን አትብዪ እንዳትላት ብቻ። ዛሬም ነገም ያንኑ ያህል ይሁን ነው የምንለው።

እኔ፦ እሱንም ነግራታለች። የመርፌዋ ቀን ደግሞ ተራው የጓደኛዋ ነው። በየ28 ቀኑ ያቺ እንደ ወተት የነጣች ቤንዛቲን ፔኒሲሊን። ድሮ ሁለት ሰው ይዞልን ነበር የምትወጋው። አሁን ስልኩን ጆሮዋ ላይ ለጥፋ ትገባለች። መርፌው ሲገባ ያችኛዋ ምን እንደምትላት አላውቅም፤ እያነከሰችም እየሳቀችም ትወጣለች። አንድም ወር አልዘለለችም።

ሲስተር፦ አለመዝለሏ ነው ልቧን ያቆየው። እኛ ስንመክር የምትሰማው «ታዝዣለሁ» ብላ ነው። ጓደኛዋ ስትጠብቃት ግን ቀጠሮ ይሆናል።

እኔ፦ አሁን አንድ ነገር ልናዘዝልዎት። ባለፈው ክረምት ያቺ ልጅ እንደገና ደምታ ጅማ ሆስፒታል ተኛች። እናቷ ደውላ ለእኔ ነገረችኝ። እኔ ያን ማታ የልጄን ስልክ ደበቅሁ። ባትሪው ተበላሽቶ ለሠሪ ሰጠሁት አልኳት። ሁለት ቀን። ለምን ይህን ወዳጅነት ፈቀድኩ ብዬ ራሴን ስረግም አደርኩ። ሌላ ጤነኛ ልጅ ጠፍታ ነው? ያቺ ብትሞት የእኔም ልጅ ተከትላት ትሄዳለች፣ ልቧ ባይሆን ተስፋዋ ይሞታል ብዬ።

ሲስተር፦ አወቀችብዎት?

እኔ፦ መሳቢያ ውስጥ ሲጠራ ሰማችው። አልጮኸችም። «አባዬ» አለችኝ፤ «ብትሞት ሳላውቅ እንድቀር ነው የፈለግከው?» መልስ አጣሁ። እስከ ዛሬም መልስ የለኝም።

ሲስተር፦ እኔም አንድ የምናዘዘው አለኝ። ሥራ በጀመርኩ በጥቂት ዓመት ውስጥ ሁለት ወንዶች ልጆች በአንድ ክፍል ተኝተው ነበር፤ አሥራ ሦስትና አሥራ አራት ዓመት ቢሆናቸው ነው። በቆርኪ ዳማ ሲጫወቱ ይውላሉ። ትልቁ አንድ ሌሊት አረፈ። ትንሹ ሲነቃ አልጋው ተነጥፏል። «ወደ አገሩ ሄደ፣ አጎቱ መጥቶ ወሰደው» አልነው። ያኔ እንዲህ ማለት ደግነት ይመስለን ነበር። ልጁ ጎንበስ ብሎ ከአልጋው ሥር አየ። የጓደኛው ኮንጎ ጫማ እዚያው ነው። «በባዶ እግሩ ነው የሄደው?» አለኝ።

እኔ፦ ወይ ጌታዬ።

ሲስተር፦ ከዚያ በኋላ ከእኔ እጅ መድኃኒት አልቀበልም አለ። እኔ ብዙ አሰብኩበት፣ መምህር። ያ ልጅ የተሰበረው በጓደኛው ሞት አይደለም። ለጓደኛው እንዳያለቅስ ስለከለከልነው ነው። እነዚህ ልጆች አብረው ሲውሉ አንዱ ሌላውን ሊያጣ ይችላል፤ ይህን ለማንም ወላጅ አልሸሽግም። ግን ለብቻው ተኝቶ ግድግዳ የሚያይ ልጅ ከሐዘን ተረፈ ማለት አይደለም። ሐዘኑ ስለ ራሱ ብቻ ይሆናል፣ እሱ ነው ልዩነቱ። የእርስዎ ልጅ ስልኩን ስታገኝ ምን አደረገች?

እኔ፦ ደወለች። ያችኛዋ ተሽሏት ነበር፤ ድምፅዋ ደክሞ። ልጄ «ስልኩን ደረትሽ ላይ አድርጊው» አለቻት። መብራቱን አጥፍታ ጨለማ ውስጥ ተቀምጣ አዳመጠች። እኔ በሩ ላይ ቆሜያለሁ። «እየሠራ ነው» አለችኝ ዞራ።

ሲስተር፦ (ለጥቂት ጊዜ ዝም ካሉ በኋላ) ከዚያ ከቆርኪው ልጅ ወዲህ እኔ የምችለውን አደርጋለሁ። ሕፃናት ክፍል በዕድሜ አይቀበላቸውም፣ አዋቂዎች ክፍል ሲገቡ ከአረጋውያን መካከል ነው የሚተኙት። አዲስ ክፍል መሥራት አልችልም። አልጋ መቀያየር ግን እችላለሁ። የክትትል ቀጠሯቸውን ደግሞ አንድ ቀን ላይ አደርገዋለሁ፣ ሐሙስ። የጽሕፈት ቤቱ ሰዎች መጀመሪያ አጉረመረሙ፤ አሁን እነሱም «የሐሙስ ልጆች» ይሏቸዋል። በረንዳው ላይ ሲጠብቁ ማን ምን ዓይነት ቫልቭ እንዳለው፣ ማን ፈተና እንዳለበት ይነጋገራሉ። አዲስ የመጣ ልጅ ግድግዳ ፊት ለፊት ሲቀመጥ ካየሁ፣ እኔ አልሄድም። ከመካከላቸው አንዱን ነው የምልከው፤ «ሂድና ስንት ሰዓት እንደሆነ ጠይቀው» ብዬ።

እኔ፦ እኔም ለዚህ ነበር የመጣሁት። የሚቀጥለው ቀጠሮዋ ከአጋሮዋ ልጅ ጋር ቢገጥምልን ብዬ።

ሲስተር፦ በእርሳስ ጽፌዋለሁ፤ ሰኔ ላይ ያለው የመጀመሪያው ሐሙስ። ብቻ የዚያች ልጅ ፈተና በዚያ ሰሞን እንዳይሆን እፈራለሁ። ቀኑን ያውቁታል?

እኔ፦ እኔ አላውቀውም። ልጄ ግን ታውቀዋለች።

በዚህ መካከል ከክትትል ክፍሉ መስኮት የልጄ ስም ተጠራ። በረንዳው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች፤ ስልኩን በትከሻዋና በጆሮዋ መካከል አጣብቃ፣ ደብተር ጉልበቷ ላይ ዘርግታ። ሁለተኛ ሲጠሯት አንድ ጣቷን አነሣች፣ ጠብቁኝ እንደማለት።

«ኤክሱን ብቻ ወደዚህ አምጪው» ትላለች፤ «ሌላውን ወዲያ ተዪው። አመጣሽው? እሺ፣ አሁን ለሁለት አካፍዪ።»